ስቲከሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?

(በባንኮ ጎቲቲ በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት መድን ነው። ቁጠባችን ከቡናና ከእንሰት አልፎ ጎማ ያለው ንብረት ወደ መግዛት ሲደርስ፣ አንድ አደጋ የስንት ዓመት ድካም ይዞ እንደሚሄድ ማሰብ አለብን።

መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አይተን «መድን አለው» እንላለን። አዎ አለው፤ ግን ለማን? ያ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ ሆነ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ባጃጃችን ሰው ቢገጭ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ቢያበላሽ ካሳ የሚከፍለው እሱ ነው። የራሳችንን ባጃጅ ለማስጠገን ግን አንድ ብር አይሰጥም። ለዚያ ሙሉ መድን የሚባለውን ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

የሦስተኛ ወገን ካሳም ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ የሆነውን ማን ይከፍላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሽከርካሪው ባለንብረት በኃላፊነት ይጠየቃል ይላል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ባለንብረቱ ምንም ባያጠፋም። እንግዲህ ገንዘቡ የሁላችን ሆኖ ሊብሬው በአንዲት እህታችን ስም ከሆነ፣ ዕዳው መጀመሪያ የእሷን በር ያንኳኳል። ንብረቱ የጋራ መሆኑና ዕዳውንም በጋራ እንደምንሸከም ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ሙሉ መድን ስንገዛ ደግሞ አረቦኑ እንዲቀንስልን ብለን ዋጋውን አናሳንስ። ለምሳሌ 300,000 ብር የሚያወጣ ባጃጅ በ150,000 ብር አስመዘገብን እንበል። ጥገናው 40,000 ብር ቢፈጅ፣ ግማሹን ብቻ ስላስመዘገብን መድን ድርጅቱ የሚያስበው 20,000 ብር ነው። ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት የእርጅና ቅናሽና እኛ የምንችለው ድርሻ ሊነሣ ይችላል። ከመፈረማችን በፊት «ከካሳው ላይ ምን ምን ይቀነሳል?» ብለን እንጠይቅ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ሲነዳው ወይም ከልክ በላይ ሲጫን አደጋ ቢደርስ ውሉ ምን እንደሚል አንባቢ ያንብብልን።

አደጋው ከደረሰስ? መጀመሪያ ሰው ይትረፍ። ለተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና መስጠት የጤና ተቋማት ግዴታ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ለሞትና ለአካል ጉዳት ያደረሰውን ካሳ የሚሸፍን የመድን ፈንድም አለ። «ገጪው ስላልተገኘ ቀረ» ብላችሁ አትተዉት።

ቀጥሎ ለትራፊክ ፖሊስ ይነገር፤ ተሽከርካሪው ሳይነሳ የአደጋው ፕላን ይሳል። ፎቶ ይነሳ፤ የምስክሮች ስም ይያዝ። ለመድን ድርጅቱ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይነገር። ባለሙያው ሳያየው ጋራዥ ማስጀመር አይገባም፤ ፕሮፎርማ ቀርቦ እስኪፈቀድ መታገሥ ነው። አሮጌውን ዕቃም አትጣሉት፤ ሊጠየቅ ይችላል። የመድን ውል ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድም አትርሱ።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሣ። እኛ ጌዴዎች በሶንጎ ሽማግሌ ፊት መታረቅን እናውቃለን። የተጎዳውን መጠየቅ፣ ቤተሰቡን ማጽናናት፣ ይቅርታ መለመን ተገቢ ነው፤ አይቅር። ነገር ግን መድን ድርጅቱ ሳያውቅ «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይህን ያህል እንከፍላለን» ብሎ መፈረም ካሳውን ሊያስቀር ይችላል። የተጎዳነው እኛ ስንሆንም እንዲሁ፤ ሕክምናው ሳያልቅ፣ ጉዳቱ ሳይታወቅ፣ በጥቂት ብር «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አንፈርም። ዕርቁ ልብን ያሳርፍ፤ ሪፖርቱ ደግሞ ለካሳው ይቀመጥ።

ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን፦ ባጃጅ ወይም ሞተር ስትሰጡን የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ መድን በበጀቱ አስገቡልን። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከገቢው በየወሩ እየቆጠብን እኛው እንከፍላለን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ነገ ጠዋት ሊብሬውንና የመድን ውሉን ከሳጥን አውጥተን በማን ስም እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ለማን እንደሚከፍል እንይ።