ባለመኪና የመኪናውን ጠባይ ይወቅ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



አባቶቻችን በበቅሎ አገር ለአገር ሲዘዋወሩ የኮርቻውን ጠፍር፣ የበቅሎዋን ጀርባና ሰኮና በዓይናቸው ሳያዩ እርካብ አይረግጡም ነበር። አሽከር ያለው ሰው እንኳ ይህን ሥራ ለአሽከሩ ብቻ አይተውም፤ በገደል አፋፍ ላይ ጠፍሩ ቢበጠስ የሚወድቀው ጌታው እንጂ አሽከሩ አለመሆኑን ያውቃልና። ዛሬ ግን በበቅሎ ፈንታ መኪና ከያዝነው የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ኮፈን ከፍቶ መመልከትን ከክብር ዝቅ ያለ ሥራ አድርገን የምንቆጥር ብዙዎች ነን። ልናገር የተነሣሁትም ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ በመንገዱ ላይ ጋራዥ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ነጂ መካኒክም መሆን ግዴታው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ክሪክ፣ ቺንጊያ፣ ካንዴላ የሚሉት የጣልያንኛ ቃላት አማርኛችን ውስጥ ገብተው ተዋሕደዋል። ነገር ግን ቃሉ በሁላችንም አፍ ሲገባ ዕውቀቱ ከጋራዥ በር ሳይወጣ ቀረ።

ይህ አለማወቅ የሚያስከትለውን ጉዳት በዋግ ኽምራ መንገድ እንመልከተው። ከአላማጣ ተነሥቶ በግራ ካሶ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረም የሚወጣ መኪና ወደ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ሰቆጣ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከሰቆጣ ደግሞ በአበርገሌ ወረዳ ወደምትገኘው ወደ ኒሯቅ ሲወርዱ ሙቀቱ የበረታ ቆላ ይቀበላል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሠራተኛ በአንድ ቀን ደጋና ቆላ ያያል፤ መኪናውም አብሮት ያያል።

መጀመሪያ ስለ ውሃ እንናገር። ውሃ በባሕር ወለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በሰቆጣ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን በግፊት አምቆ የሚይዘው ውሃው ከዚህ በላይ ሞቆም እንዳይፈላ ነው። እንግዲህ የክዳኑ ላስቲክ ያረጀበት መኪና በደጋ ላይ ቶሎ መፍላቱ አያስደንቅም። ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ ሲወጣ የሙቀቱ መርፌ ከፍ ያለበት ባለመኪና ቀዝቃዛ ማናፈሻውን ያጥፋ፣ መንገዱን ለቅቆ ይቁም፣ ሞተሩንም አጥፍቶ ይታገሥ። ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ሰው ታምቆ የቆየው የፈላ ውሃ ፊቱንና እጁን ይልጠዋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የጨመረም ቴስታታ የሚባለውን የሞተሩን ራስ ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚህ ጊዜ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ከብዙ ወጪ ያድናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መከላከያው በማለዳ የሚፈጸም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ሞተሩ ሳይነሣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ጠርጎ፣ እንደገና አስገብቶ ማየት ነው፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይገኝ። ውሃው መጉደሉን፣ ቺንጊያው መሰነጣጠቁን፣ የባትሪው ጫፍ መሻገቱን መመልከትም ከዚሁ ጋር ነው። የጎማ ነፋስ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ትርፍ ጎማውም አይረሳ።

ሁለተኛው ነገር ቁልቁለት ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሙቀት ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝላችኋል። ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ ነቅሎ መውረድ ነዳጅ የሚያድን መስሎ ሕይወት የሚያስከፍል ልማድ ነው።

ጎማ በመንገድ ላይ ቢፈነዳ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁማችሁ፣ በእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ በጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ ብሎኖቹን ከማንሣታችሁ በፊት አላሉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ስትጨርሱም ድንጋዩንና ለምልክት ያስቀመጣችሁትን ቅጠል ከመንገዱ አንሡ። እኛ ለደኅንነታችን ያኖርነው ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣው ወንድማችን የሞት ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ስናገር መካኒክ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የፍሬንና የመሪ ብልሽት ለባለሙያ የሚተው ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ሄዷል። በእርሱም ውስጥ ያለውን ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ሽቦ ያልተማረ እጅ ፈጽሞ አይንካው፤ የሚገድል ኃይል ተሸክሟልና። ጎማውን፣ መስታወት ማጠቢያውንና መብራቱን መመርመር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤትም ድርሻ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በእጃችን ልንሠራው የሚገባንን መሥራት፣ የማንችለውን ደግሞ አውቀን መተው፣ ሁለቱም ዕውቀት ነው። እጅ በዘይት ቢያድፍ በሳሙና ይጠራል። ቤተ ሰባችንን አሳፍረን ከመነሣታችን በፊት ኮፈኑን ከፍተን እንመልከት።

እግዚአብሔር ከመንገድ አደጋ ይጠብቀን።