ሠርጉ ቤቱን ይጠብቅ?

እሱ፦ «የማግቢያ ዕድሜ ስንት ነው?» ይሉናል አድማጮቻችን። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ 18 አለ፤ ድሮ ለሴት 15 ይበቃ ነበር።

እሷ፦ በ18ቱ ድርድር የለም። የዛሬው ጭንቅ ግን የ30ዎቹ ነው። በ2005 ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግበው፣ ደብተራቸውን ይዘው እየቆጠቡ ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ ስንት አሉ!

እሱ፦ ታዲያ ሠርጉ ቤቱን ይጠብቅ?

እሷ፦ በፍጹም! ቤት በ50ም ይገዛል። የሴት የመውለድ አቅም ግን ከ35 በኋላ በፍጥነት ይቀንሳል።

እሱ፦ ኪራዩስ? አከራይ በር ላይ ቆሞ «ልጅ አላችሁ?» ሲል?

እሷ፦ ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ለአዳራሽ፣ ለሊሞዚንና ለቪዲዮ የሚወጣው ብር የስንት ወር ኪራይ ይሸፍን ነበር! ወላጆች፣ እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን ድል ያለ ድግስ አትጠይቋቸው።