ቀሪው የምን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመጪው ክረምት ብዙዎቻችን ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሺንሺቾ ተመልሰን ታናናሽ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን በሒሳብ ትምህርት ለመርዳት አስበናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየላከ ያስተምር ነበር። እኛም ከመሄዳችን በፊት አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ልናስብባት ይገባል። ይህችውም በክፍልፋይ ስናካፍል የምትተርፈው ቀሪ ናት።

እንዲህ የሚል ጥያቄ እንውሰድ። አንድ የሌሞ ገበሬ 5 ኩንታል ስንዴ አለው። በየጆንያው 3/4 ኩንታል ቢጨምር ስንት ጆንያ ይሞላል? ምን ያህልስ ይተርፈዋል? ተማሪው እንደ ተማረው አካፋዩን ገልብጦ ያበዛል፤ 5 × 4/3 = 20/3፣ ይኸውም 6 ከ2/3 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ቀጥሎ ግን «6 ጆንያ ይሞላል፣ 2/3 ኩንታል ይተርፋል» ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው።

በኪሎ እንመርምረው። 5 ኩንታል 500 ኪሎ፣ 3/4 ኩንታል 75 ኪሎ ነው። ስድስቱ ጆንያ 450 ኪሎ ይይዛሉ፤ የሚተርፈውም 50 ኪሎ፣ ማለት ግማሽ ኩንታል ነው። ታዲያ 2/3 ከወዴት መጣ? የጆንያው ነው፤ የ75 ኪሎ ሁለት ሲሶ 50 ኪሎ ነውና። ድርሻው የሚቆጥረው ጆንያን እንጂ ኩንታልን አይደለም። «2/3 ኩንታል» ያለው ልጅ ከ16 ኪሎ በላይ የሌለ ስንዴ ጽፏል። ይህ በደብተር ላይ አንድ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በገበያ ግን ወይ ሻጩን ወይ ገዢውን ይጎዳል።

መልሱም እንደ ጥያቄው ይለያያል። ሙሉ የሆነው ስንት ጆንያ ነው ቢባል 6፣ ስንዴውን ሁሉ ለመያዝ ስንት ያስፈልጋል ቢባል 7 ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ 1 ከ3/4ን ለ1/2 ማካፈልን የሚገልጽ ታሪክ እንዲፈጥሩ አስተማሪዎችን ጠይቃ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ተገለጸው፣ ከ23 አሜሪካውያን አስተማሪዎች ትክክለኛ ታሪክ ያመጣው አንድ ብቻ ነበር፤ ከ72 ቻይናውያን ግን 90 በመቶ ያህሉ ችለዋል። እንግዲህ መገልበጥን ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ለባለመሬት ሲሶ ለሚከፍል ጭሰኛ «የምኑ ሲሶ?» ማለት የእንጀራ ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ስናስተምር ጥያቄውን አስቀድመን ልጁ በቤቱ በሚናገረው በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ እናስረዳ። ጆንያዎቹን በሥዕል እናሳይ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብም ስሙን እናጽፈው፤ ኩንታል ከሆነ ኩንታል፣ ጆንያ ከሆነ ጆንያ። ስም የሌለው ቀሪ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይወስደዋል።