ብዙ እጅ ስለ ሠራው ጥልፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዋዜማ በንግግር ክበብ የተደረገ ንግግር)



የንግግር ክበባችን ተራውን ለእኔ ሲሰጥ ርእሱን እኔው እንድመርጥ ፈቅዶልኛል። እኔም ስለ አንድ ጨርቅ ለመናገር መርጫለሁ። ጨርቅ የሚለውን ቃል ሰምተው ከኋላ ወንበር የሚሣሣቁ ጓደኞች እንዳሉ አያለሁ፤ ጥቂት ይታገሡኝ። የበዓሉ ኮሚቴ ለትምህርት ቤታችን መታሰቢያ የሚሆን ምን እናሠራ በማለት እየመከረ ነውና ንግግሬ ወደዚያው ያመራል። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ፣ ባዮ የምትባል ከተማ አለች። ከተማዪቱን በዓለም ያስጠራት አንድ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። በላዩም የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን እንዴት እንደ ያዘ በሱፍ ክር ተጠልፎ ይታያል። ዛፍ ተቆርጦ መርከብ ሲሠራ፣ ጭራ ያለው ኮከብ በሰማይ ሲወጣና ሰዎች በጣታቸው እያመለከቱ ሲደነግጡ፣ ፈረሶች በራሳቸው ተተክለው ሲወድቁ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድም በሄስቲንግስ ጦርነት ሲሞት ይታያል። ክሩ የተነከረው ከሦስት ዓይነት ዕፅዋት በተገኘ ቀለም ነው። ንድፉን ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ መርፌውን የያዙትም እጆች የእነማን እንደ ሆኑ ስማቸው አልተጻፈም።

አውሮፓውያን ይህን ጨርቅ ታፔስትሪ ይሉታል። ነገሩን አጥብቆ ለሚመረምር ሰው ግን ስሙ ልክ አይደለም። ታፔስትሪ ሥዕሉ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ነው፤ የእናቶቻችን ነጠላ ጥበብም እንዲሁ ከሸማኔው እጅ ሳይወጣ በድርና በማግ መካከል ይገባል። የባዮው ግን ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በመርፌ የተሠራ ጥልፍ ነው። ይህን ልዩነት ያነሣሁት ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። በአገራችን ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰ የሚሠራው ብቻውን ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ቢያስገባ ድሩ ይበጠሳል። ጥልፍ ግን በክፈፍ ከተወጠረ ዘንድ አምስትም ስድስትም ሰው ዙሪያውን ሊቀመጥ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሊተካ ይችላል። ስለዚህም ብዙ ሕዝብ በአንድነት የሚሠራው ሥራ ሲታሰብ ከመሸመኛው ይልቅ መርፌው ይመቻል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። የባዮው ጨርቅ መጨረሻው ጠፍቷል። እንግሊዞች ከጦር ሜዳ ሲሸሹ ያሳይና በዚያው ይቆማል። ቀሪው ምን እንደ ነበር የሚያሳይ ነገር ባይተርፍም፣ ብዙ ሊቃውንት የዊልያም ዘውድ መጫን ነበረበት ብለው ይገምታሉ፤ እርሱ በ1066 በልደት በዓል ዕለት በዌስትሚንስተር ነግሦአልና።

ከኖርማንዲ ጠረፍ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ኦልደርኒ የምትባል፣ ሁለት ሺሕ ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት አለች። ዛሬ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ብትሆንም በዊልያም ዘመን የኖርማንዲ ግዛት ነበረች፤ ስለዚህ ዊልያም ለእንግሊዞች ድል አድራጊ ሲሆን ለደሴቲቱ ሰዎች የገዛ መስፍናቸው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940፣ ጀርመኖች ሲቃረቡ ሕዝቡ ከጥቂት ሰዎች በቀር ደሴቲቱን ለቅቆ ሄደ። ጀርመኖችም በዚያ የግዞት ሰፈር አቁመው ከብዙ አገር ያመጧቸውን ሰዎች በግዳጅ ሥራ አሠቃዩ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ነዋሪዎቹ መመለስ የጀመሩት በ1945 በታኅሣሥ ወር ነው። ሲመለሱ ቤታቸው ተበላሽቶ፣ የቤት ዕቃቸውም ከየቤቱ ወጥቶ ተደባልቆ ቆያቸው። የተቆረጠ ታሪክን ለመቀጠል እንዲህ ያለ ሕዝብ መነሣቱ ለእኔ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

በ2012 ከደሴቲቱ ሴቶች አንዲቱ የጠፋውን መጨረሻ እኛ እንሥራው የሚል ሐሳብ አመጣች። ሥዕሉ እንደ ጥንቱ አሣሣል በጨርቅ ላይ ተነደፈ፤ የዊልያም ንግሥና የለንደን ግንብ መሠራትም ገባበት። ሥራው በደሴቲቱ ቤተ መጻሕፍት ሲከናወን በሩ ለነዋሪም ለእንግዳም ክፍት ነበር። በዚያው ዓመት፣ ያን ጊዜ ልዑል የነበሩት የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስና ባለቤታቸው በጉብኝታቸው ጊዜ ስፌት ጨምረውበታል። በ2013 መጀመሪያ ላይ ሲያልቅ እጃቸውን ያሳረፉበት ሰዎች 416 ነበሩ። በሁለት ሺሕ ሰው ደሴት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ የሒሳብ መምህራችን ያስሉልን።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ቢቀመጥ ሥራው አይበላሽም ወይ? እኔም ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከባዮው ጨርቅ ከራሱ ነው። ያ ጨርቅ ዘጠኝ ቁራጭ ተጋጥሞ የተሠራ ሲሆን፣ በመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ የላይኛው ጠርዝ መስመር ከሚቀጥለው ጋር አይገጥምም። ከዚያ በኋላ ያሉት መጋጠሚያዎች ግን ዐይን እስኪያጣቸው ድረስ ተስተካክለዋል። እንግዲህ እነዚያ የጥንት ሠራተኞች እየሠሩ ተምረዋል ማለት ነው፤ የመጀመሪያውንም አልፈቱትም። ከ900 ዓመት በላይ እንዲሁ ይታያል፤ ስለዚያም ጨርቁን የናቀው ሰው የለም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ለበዓላችን መታሰቢያ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ በእብነ በረድ ላይ ጽሑፍ ማስቀረጽ ነው። እብነ በረድ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ጠራቢ ተከፍሎት ይቀርጸዋል፣ አምስት ወይም ስድስት ስም ይጻፍበታል፣ እኛም ቆመን እናያለን። እኔ የማቀርበው ግን ስምንት ክንድ ቡልኮ ከሸማኔ ገዝተን፣ የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ክፍልና የዛሬውን ግቢ ነድፈን እኛው እንድንጠልፈው ነው። የመጨረሻው አንድ ክንድ ግን ባዶውን ይቆይ፤ በበዓሉ ቀን ለሚመጡት ወላጆችና እንግዶች ይተው።

ጥልፍ የሴት ሥራ ነው የሚሉ ወንድሞቼን፣ የካባውን ጥልፍ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ገበያ ወርደው እንዲያዩ እመክራቸዋለሁ። ማን ይመጣል ለሚሉት ደግሞ፣ በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ ሥራ የሚመጣው ስጦታ ከመጠን ስላለፈ ሙሴ ከእንግዲህ አታምጡ ብሎ አስነግሮ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ኮሚቴያችን እንዲህ ያለ ጭንቅ ቢደርስበት ምንኛ ደስ ባለኝ!

እውነተኛው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በወላጆች ቀን እናቶቻችን እንዴት እንደሚቀመጡ አስተውላችኋል? ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ እኛ እንግሊዝኛ ስናነብ ያጨበጭባሉ፤ የምን ንባብ እንደ ሆነ አይጠይቁም። የውጤት ወረቀት ሲሰጣቸው ፊደል ያልቆጠሩት በአውራ ጣታቸው ፈርመው ቶሎ ጣታቸውን ይደብቃሉ። ይህ ግቢ የልጆቻቸው እንጂ የእነርሱ አልመሰላቸውም፤ ይህን ያህል ዓመት ስንኖር እኛም የእነርሱ መሆኑን የምናሳይበት ሥራ አላገኘንላቸውም። ሰሌዳና ጠመኔ የእኛ ነው። መርፌ ግን የእነርሱ ነው። ክፈፉ ፊት አንዲት እናት ብትቀመጥ፣ ክሩን በምራቋ አሹላ በመርፌው ዐይን ስታሾልክ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ «እማማ፣ እንዴት አድርገው ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። እኔ በዓሉ እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያሳየኝ እመኛለሁ።

ክፈፉም በአዳራሹ መድረክ ላይ እንዳይሆን እለምናለሁ፤ ወደ መድረክ የሚወጣው የተጠራ ሰው ብቻ ነው። ከበሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ይቁም፤ ከሩቅ የመጡ ወላጆች መጀመሪያ ዐረፍ የሚሉት እዚያ ነውና። ዱካዎቹም ዝቅ ያሉ ይሁኑ። ክር፣ መርፌ ወይም ጉልበት ለማዋጣት የሚፈቅድ ሁሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ለክፍሉ አለቃ ስሙን ያስመዝግብ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ዓርብ ይሰበሰባልና ከዚያ በፊት ዝርዝሩን ላቀርብ አስቤአለሁ።