ጨረሩ የሚፈልገው ቀለም

ፀሐይ ፊት ላይ የተወችውን ጠቃጠቆ በሌዘር ለማስጠፋት ላሰባችሁ፣ ይህን ስሙ። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ውጦ ይግላል፤ ነጠብጣቡም የሚጠፋው በዚሁ ሙቀት ነው። መርሁን አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በ1983 እ.ኤ.አ. አብራርተውታል። በጠይም ቆዳ ግን ሜላኒኑ ፊቱን ሁሉ ሞልቶታል። ስለዚህ አይፒኤል የሚባለው የብርሃን ብልጭታ ጤነኛውንም ቆዳ ሊያቃጥል፣ ከበፊቱ የጠቆረ ምልክትም ሊተው ይችላል። 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲ ያግ ሌዘር በሜላኒን ብዙም ስለማይዋጥ ለጠይም ቆዳ የተሻለ ነው። ማድያት ከሆነ እባካችሁ አትቸኩሉ፤ በሌዘር ደብዝዞ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪማችሁን የማሽኑን ዓይነት ጠይቁት፤ መጀመሪያም ከጆሮ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክረው፣ ውጤቱም ለሳምንታት ይታይ።