ተመላልሶ ስለሚመጣ የኩላሊት ጠጠርና ተባብሮ ስለ ማከም
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዕድራችን የቆመው ለቀብር ነው። ሆኖም ሰው ከመሞቱ በፊት ይታመማልና ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ጥቂት ቃል እንድንናገር ኮሚቴው ስለ ፈቀደልን እናመሰግናለን። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስን ነን። የምንናገረውም ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ነው።

የኩላሊት ጠጠር ሕመም እንዴት እንደሚያንከባልል ያየው ያውቀዋል። ጠጠሩ ሲወርድ ወይም በሐኪም ሲወጣ ግን ብዙ ሰው «ተገላገልኩ» ብሎ ካርዱን ይጥላል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። አንድ ጊዜ ጠጠር ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ይደገምባቸዋል። ፍሬው ተለቀመ እንጂ ዛፉ አልተነቀለም።

ጠጠር የሚሠራው በሽንት ውስጥ ያለው ማዕድን ውሃ ሲያንሰው እየተጋገረ ነው። ዓይነቱም ብዙ ነው። አብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ነው። ከዩሪክ አሲድ የሚሠራውን በመድኃኒት ማሟሟት ይቻላል። ከኢንፌክሽን የሚመጣው ግን ተጠርጎ ካልወጣ መልሶ ያድጋል። ስለዚህ ጠጠር የሚወርድለት ሰው ሽንቱን በስስ ጨርቅ አጥልሎ ጠጠሩን ይያዝና ለሐኪሙ ይስጥ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ ባለሙያ ብቻውን አይችለውም። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ጠጠሩን ያወጣል። ላቦራቶሪው ጠጠሩንና የ24 ሰዓት ሽንት ይመረምራል። የውስጥ ደዌው ሐኪም ምክንያቱን ይፈልጋል። ነርሷ ወይም የምግብ ባለሙያው ስለ አበላልና ስለ አጠጣጥ ይመክራሉ። ወጥ የምትሠራዋም ከዚሁ ቡድን ናት፤ ጨው የምትጨምረው እሷ ናትና! እነዚህ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር የማይገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ የሚያገናኛቸው በሽተኛው የያዘው ወረቀት ነው። በመዝገብ ቤት እንደምናውቀው፣ በሦስት ቢሮ የተበተነ ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል። የራጁ፣ የአልትራሳውንዱ፣ የላቦራቶሪውና የመድኃኒቱ ወረቀት በቀን ተራ በአንድ ክላሰር ይቀመጥ።

ስለ ውሃ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በጣሊያን አገር የፓርማ ሐኪሞች ጠጠር የያዛቸውን ሰዎች 5 ዓመት ተከታትለው በ1988 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1996) ውጤቱን አወጡ። ውሃ አብዝተው ከጠጡት ከመቶ 12 ያህሉ፣ እንደ ልማዳቸው ከቆዩት ግን ከመቶ 27ቱ ተደገመባቸው። ዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን 2 ሊትር ተኩል ሽንት እስኪወጣ መጠጣትን ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም ረመዳንን የሚይዝም አስቀድሞ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይማከር።

«ጠጠሩ ካልሲየም ነውና ወተት ይቅር» የሚሉም አሉ። እነዚያው ሐኪሞች በ1994 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2002) እንዳሳዩት፣ ጠጠር ያነሰው ካልሲየም በቀነሱት ላይ ሳይሆን ጨውና ሥጋ ቀንሰው ካልሲየሙን በመጠኑ በበሉት ላይ ነው።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም ሽንት ከተከለከለ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው። በዚህ የዘገየ ሰው ሊሞት ይችላል።

ስለሆነም ለጉባዔው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ጠጠር ለተደጋገመበት አባል ዕድሩ አንድ ክላሰር ይግዛለት። ሁለተኛ፣ ቀጠሮውን የሚያስታውሰውና አብሮት የሚሄድ አንድ ጎረቤት ይመደብ። ሦስተኛ፣ በለቅሶ ቤት ከቡናው እኩል ንጹሕ ውሃ ይቅረብ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለቀብር የምንተባበረውን ያህል ለሕክምናም እንተባበር፤ ድንኳናችንም ሳይተከል ይክረም።