በልብ ወለድ መጻሕፍት የሚገኙትን ሰዎች ጠባይ ስለ መመርመር

ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ



በመንደር ትምህርት ቤት አንድ ታሪክ ተነቦ ባለቀ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ከነዚህ ሰዎች ደጉ ማን ነው? ክፉውስ ማን ነው?» የሚል ነው። ልጆቹም ባንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ መምህሩም ደስ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ምክር በሰሌዳ ላይ ይጻፍና መጽሐፉ ይዘጋል። ጥያቄው ለሕፃናት ተረት ይበቃል። ቀበሮና ፍየል በሚነጋገሩበት ታሪክ ከዚህ የበለጠ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ትልቅ መጽሐፍ በእጁ ለገባ ተማሪ ግን ይህን ብቻ ማስተማር፥ ዜማውን ትቶ ምልክቱን እንደ መቁጠር ነው።

ንባብን መመርመር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ከፈታ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ፍች ይጨምራል፤ ሁለተኛው ፍች ስለ መጣ የፊተኛው አይሻርም። የቅኔ ተማሪም ሰሙን ባየ ጊዜ ደረስሁ አይልም፤ ወርቁን ይፈልጋል። እንግዲህ አዲስ የሆነው የሚመረመረው የመጽሐፍ ዓይነት ነው እንጂ ምርመራው አይደለም። ይህንም በምሳሌ ለማስረዳት፥ ሽማግሌዎች በሬዲዮ የሰሙት፥ ወጣቶችም በትምህርት ቤት የሚያገኙት አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ እርሱም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ጽፈው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው የጎጃም ተወላጅ ሲሆኑ፥ በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደጉ ስለ ሆኑ፥ የሚጽፉት ስለማያውቁት አገር አልነበረም።

በመጽሐፉ ውስጥ ካሳ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። የአገሩ ሰው ግን በስሙ አይጠራውም፤ «ጉዱ ካሳ» ይለዋል። አነጋገሩና አኗኗሩ ከሌላው ሰው የተለየ ነውና እንደ እብድ ተቆጠረ። አንባቢውም ገና ሰውየውን በደንብ ሳያውቀው ቅጽሉን ይሰማል፤ ቅጽሉንም ከሰማ በኋላ ሰውየው የሚናገረውን ሁሉ በፈገግታ ለመቀበል ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ ገጹ እየተገለጠ በሄደ ቁጥር፥ ጉዱ ካሳ የተማረና አስተዋይ ሰው ሆኖ፥ ባላገሩ የሚሸከመውን ሸክም ያለ ፍርሃት የሚናገር እርሱ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ «ጉዱ» የሚለው ቃል የማንን ጠባይ ይገልጻል? የተጠሪውን ነው ወይስ የጠሪውን? ይህ ጥያቄ ብቻውን የአንድ ሰዓት ትምህርት ይወጣዋል። ሰውን ሌሎች በሚሉት ሳይሆን እርሱ በሚሠራውና በሚናገረው መመዘን ይገባል፤ ሌሎች የሚሉትም ቢሆን አይጣልም፤ ስለ ተናጋሪዎቹ ይመሰክራልና።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ነገር የበዛብህ ወላጆች ነገር ነው። ውድነሽ በጣሙ ያገቧት ባሎች ስለ ሞቱባት ሰው የሚፈራት ሴት ነበረች። ቦጋለ መብራቱ ደግሞ በድኅነት መጥቶ መሬቷን ያርስላት የነበረ ሰው ነው። ከብዙ ብቸኝነት በኋላ ተጋብተው አንድ ልጅ አገኙ። ይህንም ልጅ ሞት እንዳይወስድባቸው ፈርተው፥ ቢያድግ ሳያገባ ለእግዚአብሔር አገልጋይ ሆኖ እንዲኖር ብፅዐት ገቡ። ልጁ አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም ነበር፤ ገና ሕፃን ነውና። በዛብህ አድጎ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ፥ ወላጆቹ በፍቅር ያሰሩት ማሰሪያ አንገቱን ያዘው። እዚህ ላይ «ክፉው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ልጆቹን ወደ ሐሰት ይመራቸዋል። ውድነሽና ቦጋለ ክፉዎች አይደሉም። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑት ምናልባት እነርሱ ናቸው። ጉዳቱ የመጣው ከጥላቻ አይደለም፤ ከመውደድ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን መፍረድ የቀለለ ይመስላል፤ ትዕቢታቸውም ብዙ ጊዜ ያስቃል። ሰብለ ወንጌልን ሊያገቡ የመጡትን ሰዎች «ዘራቸው አይመጥንም» እያሉ ስለ መለሱ፥ ልጅቱ የጋብቻ ጊዜዋ እያለፈ በአባቷ ቤት ቀረች። በዛብህንም እንዲያስተምራት ወደ ቤታቸው ያስገቡት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የድኻ ልጅ ከልጃቸው ጋር ሊፋቀር እንደሚችል ለማሰብ እንኳ አልቻሉምና። ሆኖም አባት መሆናቸው አይካድም። ለልጃቸው የሚመኙት ክብርን ነው፤ ክብር ማለት ግን በእርሳቸው ዘንድ የዘር ቍጥር ብቻ ነው። ሌላ መመዘኛ ከቶ አልተማሩም፤ ከአባቶቻቸውም የተቀበሉት ይህንኑ ነው።

አሁን ስለ መጽሐፉ ዋና ሐሳብ መናገር ይቻላል። ብዙ ተማሪዎች የመጽሐፉን ስም አይተው «ሐሳቡ ፍቅር ነው» ይላሉ። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ለዚህ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ይኸውም ተማሪው የሚለው ሐሳብ የመጽሐፉን ስንት ክፍል ሊሸከም እንደሚችል ማየት ነው። የመጽሐፉ ሐሳብ ፍቅር ብቻ ከሆነ፥ አበጀ በለው ምን ሊሠራ መጣ? ባላገሮቹ የሚጠየቁት ግብርና ስጦታ በዝቶባቸው እምቢ አሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻም ሊቀጧቸው ዘመቱ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ባላገሮች ግን ማረኳቸው። ይህ ረጅም ክፍል ለሁለት ወጣቶች ፍቅር ምንም የማይጠቅም ጌጥ ነውን?

አይደለም። ፊታውራሪው ሰውን በዘር የሚመዝኑበት ሚዛን አንድ ነው። በዚያው ሚዛን ለልጃቸው ባል ይመርጣሉ፤ በዚያው ሚዛን ከባላገሩ የሚገባቸውን ይቈጥራሉ። ባላገሩን «ሰው» ብለው ያልቈጠሩ ሹም፥ የባላገር ልጅ የሆነውን በዛብህን «አማች» ብለው ሊቀበሉት አይችሉም። የእርሻው ነገርና የፍቅሩ ነገር ሁለት ታሪክ መስለው አንድ ታሪክ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። ጉዱ ካሳም በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ነው፤ የፊታውራሪው ዘመድ፥ የበዛብህ ወዳጅ፥ የባላገሩም አዛኝ ነውና። እርሱ ባይኖር መጽሐፉ ለሁለት ይከፈል ነበር።

ይህ አካሄድ ለሌላ መጽሐፍም እንደሚያገለግል ለማየት፥ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙትን ልብ ወለድ ታሪክ፥ ኋላ «ጦቢያ» የተባለውን መመልከት ይጠቅማል። በዚያ መጽሐፍ አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ የማያውቀው ነጋዴም ቤዛውን ይከፍልለታል። ወንድ ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ሲሄድ ራሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች። መጨረሻው ግን ሠርግ ነው፤ ጦቢያ ንጉሥ ታገባለች። ሰዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጠባያቸውን ብዙም አይለውጡም፤ ደጉ ደግ ሆኖ ይኖራል፤ ይህም የመጽሐፉ ጉድለት ነው ተብሎ እንዳይነቀፍ፤ የተጻፈበት መንገድ ነው እንጂ። ይልቁንም አስተዋይ ተማሪ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ንጉሡ ገና ክርስቲያን ሳይሆን ለምርኮኞች ቸርነት አድርጓልና፥ ቸርነቱ ከየት መጣ? በዚህች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ «ደጉ ማን፥ ክፉው ማን» የሚለው ጥያቄ ሳይታሰብ ይናጋል።

ስለ ሽማግሌዎችም መናገር ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የተወለደ ልጅ፥ ጭሰኛ ለባለ መሬቱ ምን ይከፍል እንደ ነበር፥ ስለ ምንም ዝም ብሎ ይቀበል እንደ ነበር በዓይኑ አላየም። ለእርሱ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት እንደ ተረት ነው። ስለዚህ መምህሩ ይህን ክፍል በሚያስነብብበት ቀን ያን ዘመን የሚያስታውሱትን ሽማግሌ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢጠራ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ ምናልባት አይስማሙም። አንደኛው ፊታውራሪውን ይነቅፋል፤ ሌላው «ሥርዓት ነበረ» ብሎ ይከራከርላቸዋል። ክርክሩን መምህሩ አይቁረጥ፤ ልጆቹ ሁለቱንም ከሰሙ በኋላ ወደ መጽሐፉ ተመልሰው ማስረጃ ይፈልጉ። ማስረጃ የሌለው መልስ፥ ምንም እንኳ ያማረ ቢሆን፥ አይመዘገብ።

በሬዲዮ ስለ ሰሙትም ሰዎች አንድ ነገር አለ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በድንቅ ድምፅ ስለ ተረከው፥ ብዙዎች ጉዱ ካሳን የሚያውቁት በወጋየሁ ድምፅ ነው። ትረካው ለመጽሐፉ ትልቅ ባለውለታ ነው። ቢሆንም ተራኪ ሲያነብ አስቀድሞ ይፈርዳል፤ የትኛው ቃል በምሬት፥ የትኛው በፌዝ እንደሚነገር የሚመርጥ እርሱ ነውና። ስለዚህ አንዱን ንግግር ተማሪ በዝምታ አንብቦ፥ ቀጥሎ በሁለት ዓይነት ድምፅ ጮኾ ቢያነበው፥ ጠባይ በቃል ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ በጆሮው ይረዳዋል።

ለመጨረሻው የትምህርት ቀን የሚሆን ጥያቄ ከሁለቱ መጻሕፍት ባንድነት ይገኛል። ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለበሰች፤ ሰብለ ወንጌልም በዛብህን ፍለጋ የመነኩሴ ልብስ ለበሰች። የጦቢያ ልብስ ወልቆ በሙሽራ ልብስ ተለወጠ። ሰብለ ወንጌል ግን በዛብህን ያገኘችው ወንበዴዎች አቍስለውት ሊሞት ሲል ነው፤ ከሞተም በኋላ በእውነት መነኮሰች፤ ለመሸሸግ የለበሰችው ልብስ የራሷ ልብስ ሆኖ ቀረ። ደራሲው ይህን ስለ ምን አደረጉ? መምህሩ ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ከጻፈ በኋላ፥ ልጆቹ በየመጽሐፋቸው ቦታውን ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጥ።